የወንዳፍራሽ ቱቦ አይወጣም

«ወንዳፍራሽ ሆድ ውስጥ ያለው ቱቦ ከዚህ መንደር ንቅንቅ አይልም!» አለ ያዕቆብ፣ ማንጎው ሥር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ከዘራውን ሽቅብ አንስቶ።

ሕዝቡ በጭብጨባ አቀለጠው። ወንዳፍራሽ ራሱ፣ ቱቦውን በሆዱ የተሸከመው ሰውዬ፣ ከፊት ተቀምጦ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ያላጨበጨበች ሚስቱ አበዛሽ ብቻ ነበረች። እሷ የምታየው ያዕቆብን ሳይሆን የባሏን ዓይን ነው። የዓይኑ ነጭ እንደገና ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምሯል። 

ነገሩን ከሥሩ ካልነገሩት እብደት ይመስላል። ከሥሩ ሲነግሩትም እብደት ነው፤ ግን ዝም ብሎ ከሜዳ የበቀለ እብደት አይደለም።

መንደሩ ጋምቤላ ውስጥ ከአቦቦ ወጣ ብሎ ያለ የሰፈራ መንደር ነው። ስም እንኳ አልወጣለትም፤ ዛሬም በቁጥር ይጠራል። ሰዎቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው። በቆሎና ሰሊጥ ያርሳሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይቀብራሉ፣ ፕሮጀክት ይጠብቃሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት መጣና ጉድጓድ ቆፈረ። ጄኔሬተር ተከለ፣ ሮቶ ሰቀለ፣ ቧንቧ ዘረጋ፣ ቦኖ ከፈተ። ኧረ ምን ያልተደረገ አለ! በሬ ታረደ፣ ተጨፈረ፣ የመጀመሪያውን ጀሪካን የቀዳችው ሴት ቦኖውን አቅፋ አለቀሰች። ጥቂት ዓመት እንደቆየ ግን ያው ድርጅት በአይሱዙ ተመልሶ መጣ። «ለጥገና ነው» ብሎ ጄኔሬተሩን ፈታ። «ለጥገና ነው» ብሎ ሮቶውን አወረደ። ቧንቧውን ከመሬት እየነቀለ ጠቀለለ። በመጨረሻ አንድ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰውዬ «ፕሮጀክቱ በስኬት ተጠናቋል» ብሎ ንግግር አደረገ፣ ለሁሉም ኮፍያ አደለ፣ ሄደ። የቀረው ታፔላው ብቻ ነው። «ንጹሕ ውሃ ለሁሉም» ይላል። በዓመቱ የትምህርት ቤቱ ሶላር ሄደ። ከዚያ ደግሞ «ዝርያ ያሻሽላሉ» ተብለው የመጡት አውራ በጎች ተጭነው ሄዱ፤ የመንደሩ እናት በጎች ሲጮሁ ሰነበቱ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና መንደሩ የንብረት አስጠባቂ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀመንበሩ ያዕቆብ ሆነ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ወደ መንደሩ የገባ አይወጣም። ክፋቱ፣ ኮሚቴው ከተቋቋመ በኋላ ወደ መንደሩ የገባ ነገር አልነበረም። የሚጠበቅ ሲያጡ ታፔላውን ሲጠብቁ ኖሩ።

እንዲህ እያለ ነው ወንዳፍራሽ ማከክ የጀመረው። ምን ማከክ ብቻ! በጥፍሩ አልሆን ሲለው በበቆሎ ቆረቆንዳ ጀርባውን ይሞርድ ጀመር። ሽንቱ የጠቆረ ሻይ መሰለ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ምግብ አስጠላው። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሽንቷን ጥላበት ነው» ተባለ። ሥሩም ቅጠሉም እየተጨመቀ ተጋተ። አበዛሽ ይሄን ሁሉ ታገሰችና አንድ ጠዋት «በቃ!» አለች። ደግፋ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ወሰደችው። እዚያ ሆዱን በማሽን አይተው፣ ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የምትወርድበት ቀጭን መንገድ በጠጠር ተዘግቷል፣ ይህን የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው ብለው ላኳቸው።

አዲስ አበባ ያለችው ዶክተር ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ረጅም መሣሪያ በአፍ ገብቶ፣ በጨጓራ አልፎ፣ እስከ ሐሞት መውረጃው አፍ እንደሚደርስ አስረዳቻቸው።

«በአፌ?» አለ ወንዳፍራሽ። «በዚህ በምበላበት?»

«አዎ አባት፣ ተኝተው ነው፤ አያውቁትም።»

ሥራው ሲያልቅ ለአበዛሽ ለብቻዋ ነገረቻት። ጠጠሩ ትልቅ ስለሆነ ባንድ ጊዜ አልወጣም። ለጊዜው ሐሞቱ እንዲወርድ ከጭድ እምብዛም የማይወፍር የፕላስቲክ ቱቦ አስገብተዋል። ቱቦው ግን እዚያው የሚቀር አይደለም፤ ሲቆይ ይደፈናል፣ ከተደፈነም ይገድላል። ሦስት ወር ሳያልፍ ተመልሰው መምጣት አለባቸው፤ ያን ጊዜ ቱቦውም ይወጣል፣ ጠጠሩም ያልቃል። አበዛሽ ቃል በቃል ያዘችው። ወንዳፍራሽ በዚያ ሰዓት የማደንዘዣው ስካር ሳይለቀው በወሎ ዜማ ነርሶቹን እያሞገሰ ነበር።

ሰውዬው ድኖ ተመለሰ። ማሳከኩ ጠፋ፣ ዓይኑ ነጣ፣ የምግብ ፍላጎቱ እንኳን ተመለሰና አበዛሽን አስመረራት። መንደሩ ሊጠይቀው ግልብጥ ብሎ መጣ። ያዕቆብ ሁሉንም ዝም አሰኝቶ፣ ጆሮውን ወንዳፍራሽ ሆድ ላይ ለጥፎ አዳመጠ።

«ይፈሳል!» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እልል ተባለ። መቼም የሰው ልጅ ጉድ ነው። ቦኖው ከተነቀለ ወዲህ በዚያ መንደር የሚሠራ ቧንቧ ቢኖር ወንዳፍራሽ ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ኮሚቴውም የዚያኑ ዕለት ተሰብስቦ ቱቦውን በጥበቃው ሥር አደረገው። ወንዳፍራሽ እርሻ ሲወርድ አንድ አባል ይከተለዋል። ከባድ ነገር ሊያነሳ ሲል «ተው፣ የሕዝብ ንብረት ነው!» ይባላል። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳ አንዱ በር ላይ ቆሞ «ቀስ ብለህ አማጥ!» እያለ ያስጠነቅቃል። ወንዳፍራሽ ዕድሜ ልኩን ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሰው፣ አሁን ባጃጅ እንኳ አቁሞ የሚያሳልፈው ሆነ። ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ አበዛሽ ታውቀዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ጆሮ የለውም።

ቀጠሮው ሲቃረብ የጤና ኬላዋ ሲስተር ሲፈን በሞተር ብስክሌት መጣች። የበደሌ ልጅ ናት፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ፈጠን ፈጠን የምትል። ደግነቷ እንጂ ሌላ ጥፋት የላትም፤ አነጋገሯ ግን ጉድ አፈላ።

«አባባ ወንዳፍራሽ፣ ከአዲስ አበባ ደውለውልኛል። ቱቦውን የሚያወጡበት ጊዜ ደርሷል። መኪና ይመጣልዎታል።»

በር ላይ የቆመው የኮሚቴ ዘበኛ ጆሮው ቆመ። ቱቦ። ማውጣት። መኪና። ሌላ ምን ቀረ? እየሮጠ ያዕቆብ ዘንድ ደረሰ።

ማንጎው ሥር ያ ሁሉ ጭብጨባ የመጣው ከዚህ ነው። አበዛሽ መጨረሻው ላይ ብድግ አለች።

«ስሙኝ እስቲ! ቱቦውን የሚያወጡት ሊደፈን ስለሆነ ነው። ዶክተሯ በአፏ ነግራኛለች።»

«ቦኖውንስ ሲነቅሉ ምን አሉን?» አለ ያዕቆብ።

«ለጥገና ነው!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ።

«እህቴ አበዛሽ፣ አንቺ የዋህ ነሽ። ቃላቸው ሁሌም ጣፋጭ ነው።»

«የዋህስ እናንተ ናችሁ!» አለች አበዛሽ። «እኔ ስለ ባሌ ነፍስ ነው የማወራው፣ እናንተ ስለ ፕላስቲክ!» ማን ሰምቷት።

ቤት ገብተው በሩን ዘጋች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል።»

«ፀሐዩ ነው።»

«ሽንትህስ? እሱንም ፀሐይ መታው?»

ወንዳፍራሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም።»

«በግሸኗ እመቤት! ሦስት ልጅ ከወለድኩልህ ሰው ጋር ነው ወይስ ከግንብ ጋር ነው የማወራው?»  ደረቅነቱን ለምዳዋለች። ይህኛው ግን ደረቅነት ብቻ አልመስል አላት፤ የግድግዳውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር።

አምቡላንሱ ሲመጣ መንገዱ በግንድ ተዘግቶ ጠበቀው። ሾፌሩ ጋትዌች ረጅም፣ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ከክልሉ ወረዳ ማታር፣ ጎግ፣ መቲ ሳይል በሽተኛ ሲጭን የኖረ፣ ብዙ ነገር ያየ ሰው። እንዲህ ያለ ግን አላየም።

«መኪናው ስንት ኩንታል ይጭናል?» አለው ያዕቆብ።

«ኩንታል የለም፣ አባቴ። ሰው ነው የምጭነው። ታማሚ አምጣ አሉኝ፣ መጣሁ። ታማሚ የት አለ?»

«ቱቦውን አንሰጥም።»

ጋትዌች ሲስተር ሲፈንን አያት። ሲፈን ጭንቅላቷን ያዘች። «እኔ ቱቦ ምን ያደርግልኛል?» አለ ጋትዌች። «ቱቦ ለእናንተ ይሁን። ሰውዬ ብቻ ይምጣ።»

ይህን ሲሰማ ያዕቆብ ቆም አለ። ኮሚቴው ራቅ ብሎ ተንሾካሾከ። ተመለሱና ያዕቆብ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኮሚቴው ጉዳዩን በሰፊው ተመልክቶታል። ወንዳፍራሽ እንዲሄድ ፈቅደናል። ቱቦው ይቀራል።»

«ጋሽ ያዕቆብ!» አለች ሲፈን። «ቱቦው እኮ ያለው እሳቸው ውስጥ ነው!»

«እሱ የእናንተ ችግር ነው፣ ልጄ። እኛ ፈቅደናል።»

አምቡላንሱ ባዶውን ተመለሰ። ወንዳፍራሽ በሰው ትከሻ ላይ ተነስቶ ተጨፈረለት። አበዛሽ እዚያ ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያክ አየችው።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እርሻ መሀል ብርድ ብርድ አለውና ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ የጋምቤላ ፀሐይ አናት እየበሳች እሱ ጋቢ ይጠይቃል። አምጥተው አልጋው ላይ ጣሉት። «ወባ ነው» አለ ሰው ሁሉ። ሲፈን ደሙን መረመረች፤ ወባ የለም። ሰውነቱ እሳት ነው፣ ቆዳው ቢጫ ነው፣ በቀኝ ጎኑ ሲነኩት ይጮሃል።

«ተደፍኗል» አለች ሲፈን። «ኢንፌክሽን ሆኗል። እማማ፣ ዛሬውኑ ካልሄዱ...» አልጨረሰችውም። ለጋትዌች ደወለች።

ያዕቆብ ገብቶ እንደ ልማዱ ጆሮውን ሆዱ ላይ ለጠፈ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ቀና ሲል ፊቱ ከስሏል። «አይፈስም» አለ ቀስ ብሎ፣ ኮሚቴውን ሊጠራ ወጣ።

አበዛሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወንዳፍራሽ የአልጋውን ቋሚ በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ማንም ገና አልነካውም።

«ለመሄድ ተዘጋጅ» አለችው። «መኪናው እየመጣ ነው።»

«አበዛሽ፣ በሞቴ አታስጭኚኝ።»

«ስለ ቱቦው ከሆነ...»

«የምን ቱቦ!» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ቱቦው ገደል ይግባ። በሰባ ሰባት ገበያ ወጥቼ፣ 'ለምዝገባ ነው፣ ማታ ትመለሳለህ' ብለው ነው መኪና ላይ የጫኑኝ። እናቴ ጨው ግዛልኝ ብላኝ ነበር የወጣሁት። ጨው ግዛልኝ ብላኝ! ማታው ይኸው አርባ ዓመት አለፈው። ቦኖውን ሲጭኑት አየሁ፣ በጉን ሲጭኑት አየሁ፤ አንዱም አልተመለሰም። አዲስ አበባ የፊተኛውን ጊዜ ሕመሙ አሳብዶኝ ሳላስበው ሄድኩ፤ በዕድል ተመለስኩ። አሁን ግን አውቃለሁ። መኪና የወሰደው አይመለስም።»

አበዛሽ አርባ ዓመት አብራው ኖራ ይህን ሰምታ አታውቅም። ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ ሹመት፣ ለካ ፍርሃት ነው!  ልትሰድበው የያዘችው ስድብ አፏ ላይ ቀረ።

«እኔስ ማን የጫነኝ መሰለህ?» አለችው። «እኔም በዚያው መኪና ነው የመጣሁት። አንተን ያገኘሁህ እዚያው ላይ ነው፤ አንድ ጥግ ተኮራምተህ ስታለቅስ። አሁንም አብሬህ እጫናለሁ። ብቻህን አትሄድም፣ ብቻህን አትቀርም። ልቀቅ ይሄን እንጨት።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። እንደ ሕፃን ተዋት።

ደጁ ላይ ግን ኮሚቴው በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ ጋትዌች ቃሬዛውን ይዞ ደርሷል፣ መንገድ አይሰጡትም። አበዛሽ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ምን ወሰናችሁ?»

«ከባድ ነው፣ እህቴ» አለ ያዕቆብ። «ሕግ ነው። ዛሬ ቱቦውን ካሳለፍን ነገ...»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ! ዛሬ ካልሄደ ነገ ሬሳ ነው። ያን ጊዜ የምትጠብቁትን ቱቦ ምን ልታደርጉት ነው? ወይስ አብራችሁ ልትቀብሩት ነው?»

ያዕቆብ ከልቡ አሰበበት። ግንባሩን አሸ። ኮሚቴውን ዞር ብሎ አየና እንደ ሕግ አዋቂ በረጋ ድምፅ መለሰ፦

«መቃብሩ እንኳ ከመንደሩ ክልል አይወጣም።»

ያዕቆብ ክፉ ሰው አይደለም። የተናገረው ትክክል ነበር፤ በሕጉ መሠረት ምንም ስህተት የለበትም። ነገር ግን ከአፉ እንደወጣ ከኋላ ያሉት ራሳቸውን አቀረቀሩ። አንዷ ሴትዮ «እግዚኦ!» አለች። ያዕቆብ ራሱ ያለውን ነገር ዘግይቶ ሰማው። ከዘራው ከእጁ ወደቀ። አላነሳውም።

«ምን አልኩ እኔ?» አለ። «አበዛሽ፣ ምን አልኩ?»

«ሰምተኸዋል» አለችው።

ያዕቆብ ወደ ቤት ገባና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ጋትዌች ሲይዝ፣ ሌላውን እሱ ያዘ። እያለቀሰ ነው የተሸከመው። አምቡላንሱ ዘንድ ሲደርሱ ግን፣ አመል ከመቃብር በላይ ነው፣ «ኮሚቴው አንድ ተወካይ ከንብረቱ ጋር ይልካል» ብሎ እሱም ተሳፈረ። አበዛሽ የመከራከር አቅም አልነበራትም።

ጋምቤላ ላይ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጥተው ትኩሳቱን ካበረዱለት በኋላ በሌላ አምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። መንገዱን ሁሉ አበዛሽ እጁን እንደያዘች ነው። ያዕቆብ መኪናው በዞረ ቁጥር የዞሩበትን እያየ «ስንመለስ በዚህ በኩል ነው» ይላል፤ ለማን እንደሚል አልታወቀም።

ያችው ረጋ ያለች ዶክተር ከክፍሉ ስትወጣ ላብ በላብ ሆና ነበር። «ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፉም ነበር» አለች። «ቱቦው ድፍን ብሎ ነበር፤ አውጥተነዋል። ጠጠሩም ወጥቷል። መንገዱ ጠርቷል። ከእንግዲህ ቱቦ አያስፈልጋቸውም።»

«ምትኩስ?» አለ ያዕቆብ።

«ምትክ የለውም፣ አባት። አያስፈልግም።»

«እሺ አሮጌውን ስጡኝ። መንደሩ ይጠብቀኛል።»

«ይቃጠላል። የተበከለ ነው።»

ያዕቆብ በዚያ ነጭ ኮሪደር ላይ ያለ ከዘራ ቆመ። ከዚያ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ወንዳፍራሽ የነቃው ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሆዱን ዳበሰ። ቀጥሎ በሩ አጠገብ የቆመውን ያዕቆብን አየው።

«ምን አስገቡልኝ?»

«ምንም» አለ ያዕቆብ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ወሰዱት ወንድሜ። ማስጠበቅ አልቻልኩም።»

«ጠጠሩንስ?»

«እሱንም ወሰዱ።»

ወንዳፍራሽ ዓይኑን ጨፈነ። «ሁሉንም ጭነው ሄዱ በለኛ። ምን ተዉ ታዲያ?»

«አንተን!» አለች አበዛሽ፣ እጁን በጥፊ መታ አድርጋ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችው እንባ ባንዴ ገነፈለ። «አንተን ተዉልኝ፣ አንተ ደረቅ! አንተን!»

ወንዳፍራሽ እጇን ፈልጎ ያዛትና ወደ መስኮቱ አየ፤ ከታች የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ከዚህስ ወዴት ይወስዱናል?»

«የትም አይወስዱንም። ሲሻልህ በጋምቤላ መኪና ተሳፍረን እንመለሳለን።»

«እመለሳለሁ?»

«ትመለሳለህ።»

«እስቲ ድገሚው» አለ።

ደገመችለት።